እህቴን ማሳቅ ክልክል ነው

የእህቴ ባል ቀልደኛ ነው። ይህን የምለው ሰውየውን ለማሞገስ አይደለም። አንዳንዱ ሰው አስም አለበት፣ አንዳንዱ ደም ግፊት አለበት፣ የእህቴ ባል ደግሞ ቀልድ አለበት። ሙያው የሶፋ ጥገና ቢሆንም ሰፈርተኛው በሙያው አይጠራውም፤ «ጨዋታው» ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ይመስሉኛል።

ሱቁና መኖሪያ ቤቱ የሚለያዩት በአንድ በር ነው። ስትገቡ ወንበሮች እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተደርድረዋል፣ መሬቱ በስፖንጅ ፍርፋሪ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው ላይ ከአሮጌ ሶፋ የወጡ ሞላዎች ተንጠልጥለዋል። እሱ ምስማር በከንፈሩ ይዞ እንኳ ይቀልዳል። አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ባለሥልጣን የተሰባበረ ወንበር አስጭነው መጡና «ምን ሆኖብኝ ነው?» አሉት። አገላብጦ አየውና «ምንም አልሆነም ጌታዬ፣ ጡረታ ነው የጠየቀው» አላቸው። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤታቸውን ወንበር በሙሉ አመጡለት። የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ብልግናው ሁልጊዜ ይሳካለታል።

የገዛ እናቱ ቀብር ላይ ሳይቀር ቀልዷል። ሣጥኑ ሲወርድ ገመዱ ተያዘና መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ተጨነቀ። እሱ እንባውን እየጠረገ «ትንሽ ጠብቋት፤ እማዬ ከቤት ስትወጣ የምትረሳው ነገር አይጠፋም» አለ። ገመዱን የያዙት ሰዎች ሣጥኑን ሊለቁት ምንም አልቀራቸውም። እህቴ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ የማያውቃት ሰው በሐዘን የተሰበረች መስሎት ደግፎ ያዛት።

እኔ ታላቋ ነኝ። አላገባሁም፤ የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰውን ዝም ስላሰኘሁ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ለሌላው ተረት ነው፣ ለእኔ የሥራ መመሪያ ነው። እንግዲህ እኔና ጨዋታው ሆድና ጀርባ ብንሆን ማን ይፈርድብኛል? እሱ ፊት ለፊት «እትዬ» እያለ በአንቱታ ያናግረኛል። ፊቴን ሳዞር ደግሞ አረማመዴን ያስመስላል፤ የልጆቹ ሳቅ ስለሚያሳብቅበት አውቃለሁ።

እህቴ ግን ለእሱ ተብላ የተሠራች ናት። ሳቋ ከጉሮሮ አይደለም የሚነሳው። መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ሆዷን ትይዝና ያገኘችው ነገር ላይ ዘጭ ትላለች። ድምፁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛው ጎረቤት ይሰማል። የተጋቡትም በዚህ ነው። አንድ ወንበር ልታሳድስ ሄዳ፣ አስቋት፣ ገና ያላለቀ ሶፋ ላይ ዘጭ ብላ ከነሞላው ሰበረችው። ወንበሩን ለመውሰድ ስትመለስ አጨችው እንጂ አላጫትም፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች።

ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ እምብርቷ አጠገብ ሎሚ የምታክል እበጥ መጣች። ስትተኛ ትጠፋለች፣ ስትስቅ ብቅ ትላለች። እህቴ በአውራ ጣቷ መልሳ ታስገባትና ሳቋን ትቀጥላለች። ጨዋታው እበጧን «እንግዳዋ» የሚል ስም አወጣላት፤ ብቅ ባለች ቁጥር «ወንበር አምጡላት» ይላል። እኔ «ሐኪም ቤት ሂጂ» ብዬ መከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻም አኮረፍኩ። «አያመኝም እኮ እትዬ» ብላ ነገሩን ወደ ጎን ትለዋለች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ብያት ነበር፤ እሱንም ቀልድ አደረጉት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጨዋታው እኔን ሲያስመስል ነበር። ቤቴ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭብኝ «ጸጥታ ይከበር» ብዬ እቆጣዋለሁ ይላል። ሐሰት ነው። እህቴ ሳቀች፣ እበጧ ወጣች፣ በአውራ ጣቷ ገፋቻት። አልገባችም። እንደገና ገፋች። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ያስመልሳት ጀመር። የነበረችው ብቸኛ መኪና ሶፋ የምታደርሰው ፒክአፕ ስለነበረች እህቴ የሰው ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ላይ ተጋድማ ሐኪም ቤት ደረሰች። ዘበኛው «ዕቃ በዚያኛው በር ነው የሚገባው» ብሎ ሲከለክል ጨዋታው መልስ አልሰጠውም። ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ያኑ ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሟ አጭር፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ለወሬ ጊዜ የሌላት ሴት ነበረች። ኮሪደሩ ላይ አገኘችንና «ተርፋለች። አንጀቷም አልተጎዳም» አለችን። ጨዋታው በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ለመሆኑ ምኗ ነው የተቀደደው?» አላት ከተቀመጠበት።

«ይነሱና ሸሚዝዎን ይግለጡ» አለችው። ከደረት ኪሷ ቆዳ ላይ የሚጻፍበት ወይን ጠጅ እስክሪብቶ አወጣች። አላፊ አግዳሚው እያየ ሆዱ ላይ ትሥል ጀመር። «ሆድ ከፊት ለፊት አጥንት የለውም። ጎድን አጥንት እዚህ ላይ ያልቃል፣ የዳሌ አጥንት እዚህ ታች ነው የሚጀምረው። በመሃል ያለውን ሁሉ ይዞ የሚውለው ጡንቻ ነው።» ከእምብርቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሰፋፊ ጥብጣቦች ከላይ እስከ ታች ሣለች። «እነዚህ ቀጥ ያሉት ናቸው። ከአልጋ የምንነሳው በእነሱ ነው።» በጥብጣቦቹ ላይ አግድም አግድም ጭረቶች ጨመረችባቸው። «ጅማት ነው እንዲህ የሚከፋፍላቸው። የስፖርተኞች ሆድ ላይ ስድስት ሆነው የሚታዩት እነዚሁ ናቸው።»

ጨዋታው ክብ ሆዱን ቁልቁል አየ። «እኔም አለኝ?»

«አለዎት። ተሸፍኖ ነው እንጂ።» ይህችን የሐኪም ምስክርነት ላልጠየቀው ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ይናገራታል።

ሐኪሟ ወደ ጎኑ ተሻገረች። «ጎንና ጎን ደግሞ ሦስት ድርብ ነው። የላይኛው ሰያፍ ነው፤ እጅዎን ኪስዎ ሲከቱ ጣትዎ በሚሄድበት አቅጣጫ ይወርዳል። ሁለተኛው ከሥሩ ሆኖ በተቃራኒው ይሄዳል። የመጨረሻው ውስጠኛው እንደ ቀበቶ ዙሪያውን ይጠመጠማል።»

«የሶፋ ላስቲክም እንዲህ ነው፤ እያጠላለፍን ነው የምንወጥረው» አለ።

«ጎሽ። ሁሉም የሚገናኙት መሃል ላይ፣ በዚህች ነጭ መስመር ነው። የእሷ መስመር እምብርቷ ጋ ሳስቶ ተከፈተ። ሰፍተን መረብ ደርበንበታል።»

«መረቡ ጥራቱ እንዴት ነው?»

«ሶፋ ውስጥ ከሚያስገቡት ይሻላል» አለችና እስክሪብቶዋን ከደነች። «ከባድ ነገር አታነሳም። ስታስልና ስታስነጥስ ሆዷ ላይ ትራስ ጫን አድርጋ ትያዝ።»

ጨዋታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስትስቅስ?» አላት።

«እንዴት ነው የምትስቀው?»

እሱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነኝ «እንደ ርዕደ መሬት» ብዬ የመለስኩት።

«እንግዲያው ሳቅ የዚህ ሁሉ ጡንቻ ሥራ ነው» አለች ሥዕሏን እየነካች። «ቀበቶው ይጠብቃል፣ ቀጥ ያሉት ይሳባሉ፣ ስፌቱም ይወጠራል። ቁስሉ እስኪጠና ድረስ አታስቋት።» ይህን ብላ ሌላ በሽተኛ ልታይ ሄደች።

ጨዋታው የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራው እህቴ እንደነቃች ነው። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ፍጹም በቁም ነገር «ዶክተሯ እንዳላስቅሽ ከልክላኛለች» አላት። እህቴ አዲስ ቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት አልረሳውም። ነርሷ ሮጣ መጥታ ጨዋታውን በክንዱ ይዛ አስወጣችው። ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። «ክልከላው ራሱ ያስቃታል እትዬ» አለኝ። «ከእንግዲህ ምክንያቱንም አልነግራትም። እርስዎም እንዳይነግሯት።» ሥቃይዋን አይቼ ነበርና ተስማማሁ።

ወደ ቤት ተመለሰች፤ ጨዋታውም ቁም ነገረኛ ሆነ። ቁም ነገር ከየት ይማረው? ከቴሌቪዥን ዜና ነው የተማረው። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «እንደምን አደርሽ። ሰማዩ በከፊል ደመናማ ነው» ይላታል። እህቴ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ቀጣይ የለም። ሾርባውን በሁለት እጁ አስቀምጦ፣ ፊቱ ብቻውን እንዳያስቃት ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ የኋሊት ይወጣል። ልጆቹንም በሹክሹክታ አሠልጥኗቸው፣ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እንደ ወታደር ተሰልፈው እናታቸውን ጉንጯን ስመው ይወጡ ነበር።

ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ያስቆመዋል። ሸሚዙን ይገልጥና ሥዕሉን እያሳየ ገለጻ ይሰጣል፤ ቀጥ ያሉት እነዚህ፣ ሰያፉ ይህ፣ ቀበቶው ይህ፣ ስለዚህ አፍህን ሰብስበህ ግባ። ቀለሙ መልቀቅ ሲጀምር ጠዋት ጠዋት ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ ራሱ ያድሰው ጀመር። ቁልቁል እያየ ስለሚሥል መስመሩ በየቀኑ ይሸሻል፤ ሰነባብቶ አንደኛው ቀጥ ያለ ጡንቻ ብብቱ ሥር ደርሶ ነበር። ጠያቂው ይህን ሁሉ አይቶ እህቴ ክፍል ሲገባ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አጨፍግጎ ነው የሚገባው። የጥጉ ፀጉር አስተካካይ፣ እሱም አንድ የለየለት ቀልደኛ፣ እጁን ጉልበቱ መሃል ከቶ ትንሽ ተቀመጠና «እግዜር ያውቃል» ብሎ ወጣ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ያ ቤት ሰው የሚኖርበት የመሰለው ያን ጊዜ ነው። ሰው ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማል። እንዲያውም ሦስት ጊዜ መጽሐፍ ይዤ ሄጄ አነበብኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እህቴ «እትዬ፣ በሩን ዝጊው» አለችኝ። ዘጋሁት። ከስታ ነበር፤ ሾርባውም ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ልጆቹን አደራ» አለችኝ።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«አትደብቂኝ። ዶክተሯ ስትከፍተኝ ሌላ ነገር አግኝታ ነው መልሳ የሰፋችኝ። አውቄዋለሁ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እሱ ነዋ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም። ምንም አላለኝም እኮ እትዬ። እናቱን ሲቀብር የቀለደ ሰው፣ እኔ ስታመም ስለ ደመና የሚያወራው ለምን ይመስልሻል? የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ሱቅ ውስጥ እየተንሾካሾከ ቆይቶ ፊቱን አጥቁሮ ነው የሚገባው። ፀጉር አስተካካዩ እንኳን አዘነልኝ።» አይበሉባዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «እሱን ደግሞ አንቺ ውሰጂው።»

«የት ነው የምወስደው?»

«አግቢው ነው የምልሽ።»

የተቀመጥኩበትን ወንበር በሁለት እጄ ያዝኩ። እህቴ ግን አስባበት ኖሯል። «ሌላ ሴት ብትመጣ ልጆቼን ታስለቅሳቸዋለች። አንቺ ትቆጪያለሽ እንጂ አትከፊም። እሱም አንቺን ስለሚፈራሽ ሥርዓት ይይዛል» አለች።

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። እውነቱን ዘርግፌ ነገርኳት፤ ጡንቻውን፣ ስፌቱን፣ የሐኪሟን ክልከላ። እንድትስቅና እንዲያማት እየፈራሁ ነበር የምናገረው። እሷ ግን አንጀቷን የበላኋት ይመስል እያዘነች አየችኝ።

«እትዬ ሙቺ፣ ውሸት አትችዪበትም» አለችኝ። «እሱ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ይፈጥር ነበር።»

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ትራሱን ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳታሰማ ነበር። ሳየው ልክ እንደ ሳቋ ነው። ቀበቶውም፣ ሰያፉም፣ ቀጥ ያሉትም ሁሉ ሥራ ላይ ነበሩ። ሐኪሟን ስለ ልቅሶ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ሆድ ግን ሳቅና ልቅሶን የሚሠራው በአንድ ዕቃ መሆኑን በዓይኔ አየሁት። ስንቱን ሌሊት እንዲህ እንዳሳለፈችው እንጃ። ፈራሁ። በዓለም ላይ ያለችኝ እህት አንድ ናት።

በሩን ከፍቼ ሱቁ ገባሁ። ጨዋታው የተገለበጠ ወንበር ፊት ለፊት መዶሻ ይዞ ፈዟል። ሁሉንም ነገርኩት፤ የጋብቻውን ነገር ብቻ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። «ግባና አንድ ቀልድ ንገራት። አንድ ብቻ። በሕይወት እንዳለች ትወቅ» አልኩት።

«አልችልም እትዬ።»

«ድሮ ዝም በል ስትባል ነበር የማትችለው።»

«ያን ቀን ምሳ ላይ እጄ ሆዷ ላይ ነበር» አለ መዶሻውን እያየ። «እበጧ እንደ ድንጋይ ደርቃለች። እኔ እህትዎ እየቀለደችብኝ መስሎኝ ሌላ ቀልድ ጨመርኩባት። ብትሞት ኖሮ እኔ ነበርኩ የገደልኳት።» መዶሻውን አስቀመጠና «ደግሞም ቀልድ የለኝም። ለራሴ እንኳ ሞክሬ ነበር። ወንበሮቹን አያቸዋለሁ፣ ወንበር ብቻ ናቸው» አለኝ።

ለዚህ ሰው አዘንኩለት። ማዘን ስለማልወድ ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ አስገባሁት።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ምንም የለብሽም። ትድኛለሽ» አላት በዜና አንባቢ ድምፁ።

«ማልልኝ።»

«እናቴን።»

እህቴ እንባዋን ጠረገች። «እንግዲያው ቀልድ።»

ጨዋታው አፉን ከፈተ። እኔና እህቴ ጠበቅን። «አንድ ሰውዬ ነበረ» አለ።

«እሺ?»

«ሶፋ ነበረው።»

«እሺ?»

«ጥሩ ሶፋ ነበር» አለና ሆድ ብሶት አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ በቀብር ላይ እንኳ እንባ እንጂ ልቅሶ አልነበረም። እህቴ የጠረጠረችው በማኅተም የተረጋገጠላት ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

«በል በቃ» አለችው ፀጉሩን እየዳበሰች። «እትዬም እዚሁ ስላለች ሁለታችሁም ቃል ግቡልኝ።»

«የምን ቃል?»

«እኔ ስሞት እትዬን ታገባለህ።»

ጨዋታው ልቅሶውን አቆመ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከጫማዬ ጀምሮ እስከ መነጽሬ ድረስ። ቀጥሎ እሷን አያት። የዚህን ሰው የቀልድ ፊት ዓመታት አውቀዋለሁ፤ ቅንድቡ ነው የሚቀድመው። ቅንድቡ አልተነሳም። ከአልጋው ወርዶ ተንበረከከና እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከእትዬ ጋር?» አላት ድምፁ እየተቆራረጠ። «የኔ ዓለም፣ በእናትሽ አትሙቺብኝ።»

እህቴ እሱን አየችው። እኔንም አየችኝ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ትራሱ መሬት ወደቀ፤ እኔ ላነሳው ጎንበስ ስል እሱ ቀድሞኝ መዳፎቹን ሆዷ ግራና ቀኝ ላይ አድርጎ ወደ መሃል፣ ወደ ስፌቱ፣ ሰብስቦ ያዘው። ድምፁ መጣ። «አመመኝ» ትላለች፣ ትስቃለች፣ «ኧረ አመመኝ» ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች። እኔ እዚያው ቆሜ ስለ መከባበር አንድ ነገር ልናገር አስቤ ነበር።

«ሳቂ» አላት እንባው በአገጩ እየወረደ። «ሳቂ፣ ይዤልሻለሁ።»

ሳቋ ካለቀ በኋላም እጁን አላነሳም። እሷም አንሳ አላለችውም።